ኤልክና ዳክዬ በአንድ ኩሬ ይስማማሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቤተሰብ እርሻችን ላይ ሁለት ኩሬ አለ። ኤልክ አጋዘኖቹና ዳክዬዎቹ አብረው ይጠቀሙበት ወይስ ይለያዩ? ጫጩቶቹስ መቼ ውሃ ይግቡ?

መልስ 1፦ ብትለያቸው ይሻላል። ወንዱ ኤልክ በመራቢያ ወቅት ዳርቻውን በቀንዱ ይቆፍራል፣ ይሸናበታል፣ ጭቃው ላይ ይንከባለላል። ዳርቻው ይናዳል፣ ውሃው ይደፈርሳል። ኤልኮቹን በገንዳ አጠጣቸው፤ ዙሪያውን ጠጠር አልብሰው። አጥሩ ከ2.4 ሜትር አይነስ። በዚያ ወቅት ወንዱ አደገኛ ስለሆነ በረቱ ውስጥ ጀርባህን አትስጠው።

መልስ 2፦ ስለ ጫጩቶቹ ልጨምር። ያለ እናት ያደጉ ከሆኑ ላባ ሳያወጡ ኩሬ አታስገባቸው። ለስላሳ ጠጉራቸው እንደ ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፤ ይበርዳቸዋል፣ ይሰምጣሉ። ከ7 እስከ 8 ሳምንት ጠብቅ። የመጀመሪያውን ሳምንት የማደጊያ ቤታቸው ሙቀት 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንስ። መጠጫው አፍንጫቸውን የሚያስነክር ጥልቀት ከሌለው አፍንጫቸው በመኖ ይደፈናል። የዶሮ ጫጩት መኖ ብቻ ከበሉ ደግሞ ኒያሲን (ቫይታሚን ቢ3) ያንሳቸውና እግራቸው ይጎብጣል፤ በ1 ኪሎ መኖ 50 ግራም ያህል የቢራ እርሾ ቀላቅል። መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ ከሆነ ለዳክዬ የሚሆን መሆኑን ሳታረጋግጥ አትስጥ።

መልስ 3፦ የሻገተ መኖ ጣሉት፣ ዳክዬ አፍላቶክሲንን (የሻጋታ መርዝ) ከዶሮ ያነሰ ነው የሚቋቋመው። በኩሬው የሞተ ነገር ካያችሁ ቶሎ አውጡ። በሙቀት ወቅት ከሬሳው ቦቱሊዝም (በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ሕመም) ይነሳል፤ ዳክዬው አንገቱ ይልፈሰፈስና ቀና ማድረግ ያቅተዋል።