ከአንድ ሃይላንድ ውሃ ሻርክ ይገኛል?

የአሞራ ገደል ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ነኝ፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ባለፈው የጫንኳቸው ተማሪዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ሻርክ ሳይታይ፣ ሳይጠመድ፣ ከባሕሩ ውሃ ብቻ ዝርያው ይታወቃል ይላሉ። እኔ ስንት ዓመት ውሃ ላይ ውዬ ጉማሬው ብቅ ብሎ ካልተነፈሰ የት እንዳለ አላውቅም! እውነት ነው ወይስ ወሬ?

ባለ ማጣሪያው፦
እውነት ነው ወንድሜ። ዓሣ ሲዋኝ ከቆዳው፣ ከልጋጉ፣ ከሚጸዳዳው ጥቂት ጥቂት ውሃው ላይ ይጥላል። ሻርክም ያው ነው። ውሃው በረቂቅ ማጣሪያ ያልፋል፣ ከቀረው ላይ ዲኤንኤው፣ ማለትም የዘር መለያው ይወጣል፣ ፒሲአር በሚባል ዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ይባዛል፣ ከታወቁ ዝርያዎች ጋር ይመሳከራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ባሉት የኒው ካሌዶኒያ ደሴቶች የተሠራ ጥናት አለ። ከ22 የውሃ ናሙና 13 የሻርክ ዝርያ ተገኘ። ጠላቂዎች ከ2,700 ጊዜ በላይ ወርደው፣ ማባበያ የታሰረበት ካሜራም ወደ 400 ጊዜ ገደማ ተጥሎ የታየው 9 ነበር። ሰው በሚበዛበት አካባቢ የለም የተባለው ሻርክ ኖሯል ለካ! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሻርክ እንደ ቆሮሶ ቶሎ ቶሎ አይራባም፤ ለመውለድ እስኪደርስ ራሱ ዓመታት ይፈጅበታል። የት እንዳለ ካልታወቀ የቱ ባሕር ይከለል?

መቅዳቱ ቀላል ነው፣ ንጽሕናው ነው ጣጣው። እኔ እዚሁ ሐይቃችን ላይ ሞክሬ ነበር። አረንጓዴው ውሃ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል፣ እሱን ተውት። ለማመሳከሪያ ምንም የሌለበት የተጣራ ውሃ አብሮ ይያዛል፤ ከሱ ምንም መውጣት የለበትም። ከኔ ግን ቆሮሶ ወጣ! ለካ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጥሬ ዓሣ በዳጣ በልቼ፣ እጄን ለቅለቅ አድርጌ ነው ጠርሙሱን የከፈትኩት። ጓንቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሙሉ ቀን ሥራ ገደል ገባ።

ሳሮን፦
ሃሃ፣ ዳጣው አልወጣም? የምሬን ግን፣ ስንት ሻርክ እንዳለ ይናገራል?

ባለ ማጣሪያው፦
ሳሮንዬ፣ እዚያ ላይ ደካማ ነው። ብዛቱን በልበ ሙሉነት አይነግርሽም። ትልቅ ይሁን ግልገል፣ የሞተ ይሁን በሕይወት ያለ አይለይም። ወደብ ላይ የታረደ ሻርክ ደምም ዲኤንኤ ነው። ባሕር ውስጥ ደግሞ በሰዓታትና በጥቂት ቀናት ይበላሻል፣ ማዕበሉም ይወስደዋል። ስለዚህ ካሜራውን ጡረታ አታስወጪው።

የአሞራ ገደል ልጅ፦
እንግዲያው እኛ ሴቶቹ ዓሣ የሚያጥቡበት ዳር ከቀዳን ያው አምባዛና ቆሮሶ ብቻ ነዋ የሚወጣው። ቅዳሜ ማለዳ ና፣ መሃል ድረስ በነጻ እወስድሃለሁ። ዳጣውን ስንመለስ።