ግሌዝ ራሳቸው ለሚቀምሙ የሸክላ ሠራተኞች፦ ምን ከየት ቢገዛ ይሻላል? (ጥቆማ)

ግሌዙ (በሸክላ ዕቃ ላይ ተቀብቶ በእሳት ሲቀልጥ እንደ መስታወት የሚሆነው ሽፋን) ባልዲው ሥር ተጋግሮ አልነሣ ስላለዎትና ከእሳት ሲወጣም ከዕቃው ላይ እየተሰበሰበ ባዶ ቦታ ስለሚተው፣ ዝግጁ ግሌዝ ከውጭ ማስመጣት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። የእኔ ምክር ገና አያስመጡ የሚል ነው። የገለጿቸው ሁለቱም ችግሮች በአብዛኛው የሚመጡት ከአበጣበጥና ከጥሬ ዕቃ መለዋወጥ ስለሆነ፣ ዝግጁውን ዱቄት ቢገዙም በዚያው ውሃ፣ በዚያው ወንፊትና በዚያው ሚዛን እስከሠሩ ድረስ ችግሩ አይለቅዎትም።

የግድ ማስመጣት ካለብዎት ግን የኮን ቁጥሩን ደጋግመው ይመልከቱ። ኮን በምድጃ ውስጥ የሚቀመጥ፣ የተወሰነ ሙቀት ሲደርስበት የሚጎብጥ ትንሽ የሸክላ ሾጣጣ ነው፤ ቁጥሩም ግሌዙ የሚቀልጥበትን ሙቀት ያመለክታል። ኮን 06 ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ኮን 6 ደግሞ ወደ 1220 ዲግሪ ነው፤ በአንዲት ዜሮ ምክንያት የተሳሳተ ዕቃ የሚደርሳቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለጀበናና ለድስት የምንጠቀምበት ቀይ አፈር በአብዛኛው የ1220 ዲግሪ ሙቀት ስለማይችል፣ ግሌዙ እስኪቀልጥ ድረስ ዕቃው ራሱ ይጣመማል ወይም ያብጣል።

ከሀገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ የማስቀድመው የቦምቦውሃን ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) እና የቀንጢቻን ፌልድስፓር (በእሳት የሚቀልጥ የዓለት ማዕድን) ነው። ሁለቱም ከጉጂ አካባቢ የሚወጡና የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ለምርቱ የተጠቀመባቸው ናቸው። ፌልድስፓሩ ከፔግማታይት ዓለት ስለሚገኝና የፖታሲየምና የሶዲየም ድርሻው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከመግዛት ይልቅ የዓመት ፍጆታዎን ከአንድ ማዕድን አቅራቢ፣ ከአንድ ጭነት ቢወስዱ ይሻላል። አዲስ ጆንያ በከፈቱ ቁጥርም ባልዲውን ከመሙላትዎ በፊት በአንዲት የሙከራ ሰሌዳ ላይ ቀብተው ያቃጥሉ።

መርካቶ የቀለምና የኬሚካል ነጋዴዎች ዘንድ የሚገኙት ነጭ ዱቄቶች ዋጋቸው የተሻለ ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ካልሲየም ካርቦኔት ጠይቀው ጀሶ ሊሰጥዎት ይችላል፤ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። እዚያው ቆመው ከዱቄቱ ቁንጥር አድርገው ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፦ ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ወዲያው እየተንሸዋሸዋ አረፋ ያወጣል፣ ጀሶ ግን ዝም ይላል። ጀሶ ከገባበት ግሌዙ ባልዲ ውስጥ ይወፍራል፣ በእሳትም ውስጥ የሰልፈር ኦክሳይድ ጋዝ እያወጣ የግሌዙን ገጽ ሊያቆስል ይችላል። ለሲሚንቶ ማቅለሚያ የሚሸጠው ቀይ ዱቄት አይረን ኦክሳይድ ከሆነ በደንብ ያገለግላል፤ በማንኪያ ላይ አድርገው ሲያግሉት ቢጨስ ወይም ቢነጣ ግን ሌላ ማቅለሚያ ነውና ይተዉት።

የአብጃታን ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) በርካሽ አግኝቶ ማቅለጫ ለማድረግ የሚያስብም አለ። ይህን አልመክርም፤ ሶዳ አሽና ቦራክስ በውሃ ስለሚሟሙ ከውሃው ጋር ወደ ሸክላው ይሰርጋሉ፣ ሲደርቅ ወደ ጠርዝ ይወጣሉ፣ ባልዲ ውስጥም ዱቄቱን እየበታተኑ ታች እንዲጋገር ያደርጋሉ። ለዝቅተኛ ሙቀት ግሌዝ አስቀድሞ ቀልጦ የተፈጨ ፍሪት ያስፈልጋል። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ገንዘብ የማወጣ ከሆነ ለፍሪት ብቻ አወጣ ነበር።

ወንፊት ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። የዱቄት ወንፊት ለዚህ ሥራ ሰፊ ነው፤ የላቦራቶሪው ደግሞ ውድ ነው። የስክሪን ሕትመት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በሴንቲሜትር 32 ክር ያለው የናይለን ወይም የፖሊስተር ጨርቅ አላቸው፤ ይህ 80 ሜሽ ከሚባለው፣ ማለትም በአንድ ኢንች 80 ክር ካለው ወንፊት ጋር ይቀራረባል። ሥሩ በተቆረጠ የፕላስቲክ ባልዲ ላይ ወጥረው ያሰሩትና ግሌዙን ሁለት ጊዜ ያሳልፉበት። ሚዛን ደግሞ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት፣ 0.1 ግራም የሚለየው ለሙከራና ለማቅለሚያ ይበቃል፤ የኩሽና ሚዛን ለትልቁ ባልዲ ብቻ ይሁን።

አሁን ባልዲው ውስጥ ወዳለው ግሌዝ እንመለስ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ልኬት ክብደቱ ነው። በደንብ አማስለው 100 ሚሊ ሊትር ቀድተው ይመዝኑ፤ ዕቃውን ነክሮ ለማውጣት ከ140 እስከ 150 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ውሃ በዝቶበታልና አንድ ሌሊት አስቀምጠው ከላይ የጠለለውን ይቅዱለት። ክብደቱ ትክክል ሆኖ አሁንም ታች የሚጋገር ከሆነ ካኦሊኑ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ማነሱን ካዩ ለቀጣዩ ቅመም 2 በመቶ ቤንቶናይት (በውሃ የሚያብጥ ደቃቅ የሸክላ አፈር) በደረቁ ከዱቄቱ ጋር ያዋሕዱ፤ ውሃው ላይ ከነሰነሱት ይጓጉላል። ለአሁኑ ባልዲ ግን ኤፕሰም ጨው፣ ማለትም ማግኒዚየም ሰልፌት፣ በሙቅ ውሃ አሟምተው ጠብታ በጠብታ እያማሰሉ ይጨምሩ። ከደረቁ ዱቄት 0.2 በመቶ ገደማ ይበቃል። እጅዎን ነክረው ሲያወጡ ግሌዙ እንደ ቀጭን የእንጀራ ሊጥ ጣትዎን እኩል ሸፍኖ ከቀረ ያቁሙ።

አዲስ አበባ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ይለያል፤ የጉድጓድ ውሃ በማዕድን የበለጸገ ስለሆነ ያንኑ ቅመም ሊያወፍረው ይችላል። ሰፈር ቀይረው ወይም ውሃ በቦቴ አስመጥተው ግሌዙ ጠባዩን ከለወጠ፣ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ (በአሲዱ አይደለም) ጥቂት በጥብጠው ያነጻጽሩ።

እየተሰበሰበ ባዶ ቦታ የሚተወው ግሌዝ ብዙ ጊዜ ወፍሮ የተቀባ ነው፤ አለዚያም ግሌዝ ሳይቀባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቃጠለው ዕቃ አቧራ ወይም የእጅ ቅባት ነክቶታል። ዕቃውን በእርጥብ ስፖንጅ ጠርገው ያድርቁት። ደርቆ እሳት ሳይገባ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ጥሬ ካኦሊኑ በዝቷል። ግማሹን በሸክላ ዕቃ አድርገው ከመጀመሪያው ማቃጠል ጋር 1000 ዲግሪ ያስገቡት፤ ንጹሕ ካኦሊን ሲቃጠል ከክብደቱ 14 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በ100 ግራም ጥሬ ፋንታ 86 ግራም የተቃጠለ ይጠቀሙ።

ምድጃ የሚያከራዩ ስቱዲዮዎችን ሲያወዳድሩ ከዋጋው በፊት በዕቃው አጠገብ ኮን ያስቀምጡ እንደሆነ ይጠይቁ። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ የሚያሳየው የአንድ ነጥብ ሙቀት ነው፤ ኮን ግን ዕቃው በተቀመጠበት መደርደሪያ የደረሰውን ሙቀት ከቆይታው ጋር ያሳያል። ኮን የማያስቀምጥ ቤት ርካሽ ቢሆንም፣ ግሌዝዎ ሲበላሽ ጥፋቱ የቅመሙ ይሁን የምድጃው ማወቅ አይችሉም። ዱቄት ሲመዝኑም አፍንጫና አፍ በደንብ የሚገጥም የአቧራ ማስክ ያድርጉ፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። ለሲኒና ለሳህን በሚሆን ግሌዝ ውስጥ እርሳስ ያለበት ቅመም ከማንም ዘንድ፣ በምንም ዋጋ አይግዙ።