ልጄን አበበ ብለው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

አዲሱ አባት፦ ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ወንድ ልጅ ወልደናል ዛሬ 26 ቀኑ ነው፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው ተመስገን። ስም ግን እስካሁን የለውም፣ የክትባት ካርዱ ላይ «ሕፃን» ተብሎ በእናቱ ስም ነው ያለው። እኔ በአባቴ ስም አበበ ልለው ነው የምፈልገው፣ ባለቤቴ ናታን ካልሆነ ብላ ድርቅ ብላለች፣ እህቶቿ ደግሞ ገና ስሙን ሳነሳ «አበበ በሶ በላ ሊባልልን ነው» እያሉ ይንከተከታሉ። ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው፣ ሁለት ሳምንት ቀረኝ። ነገሩ የኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚህ አላመጣውም ነበር፣ ግን እኛ ሰፈር ባለፉት አስር ዓመታት ከተወለዱት ልጆች አንድ አበበ፣ አንድ ከበደ፣ አንድ ተሰማ አሳዩኝ። የሉም። የአባቶቻችን ስም ምን አድርጎን ነው እንዲህ የምናፍርበት? ባለቤቴ እዚህ ግሩፕ የለችም፣ በነፃነት ጻፉ፣ ስድብ ብቻ ይቅር።

ቲና፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። እኔ ከሚስትህ ጋር ነኝ። ስሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም ግን አበበ እኮ የሰው ስም መሆኑ ቀርቷል። ባንክ ሂድ የቅጽ ናሙናው ላይ አበበ ከበደ፣ የሒሳብ ጥያቄ ላይ አበበ 5 ብርቱካን ገዛ፣ ማስታወቂያ ላይ አበበ ብድር ወሰደ። ልጅህ ዕድሜ ልኩን ናሙና ሆኖ ሊኖር ነው እንዴ።

የድሮ ሰው፦ ልጄ ናሙና የሚሆነው እኮ ሁሉም ቤት ያለ ስም ነው። ክብር ነው።

ቲና፦ ድሮ ነዋ ጋሼ። አሁን በየትኛው ቤት ነው ያለው?

ኬጂ ቲቸር፦ ከክፍሌ ልንገራችሁ። ዘንድሮ 34 ልጆች አሉኝ፣ «ናታን» ብዬ ስጠራ ሦስት ጭንቅላት ይዞራል፣ ስለዚህ ትልቁ ናታን፣ ትንሹ ናታን፣ መነጽሩ ናታን እያልኩ ነው የምጠራቸው። አበበ የለም። ባለፈው በ ፊደልን ሳስተምር በልማድ አበበ በሶ በላ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር አበበ ማነው» አለችኝ፣ ዝም ስላት ቀጠለችና «በሶስ ምንድነው»። ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ ምናምን ብዬ አስረዳሁ፣ አበበን ግን እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ስለዚህ ልጆች ይስቁበታል የምትሉት ነገር ብዙ አያስጨንቅህ፣ ቀልዱን የሚያውቁት ወላጆቹ እንጂ ልጆቹ አይደሉም።

ጫላ ነኝ፦ አበበማ ምን አለበት በሶውን በልቶ ተነሳ። የተጎዳው እኔ ነኝ። ጫላ ጩቤ ጨበጠ! እኛ ክፍል ያቺ መስመር በተነበበች ቁጥር ሁሉም ወደኔ ዞሮ ነበር የሚስቀው፣ አንዱ ልጅማ ማስመሪያዬን ከእጄ ይቀማና «ተጠንቀቁ ጨብጧል» ይል ነበር። ያን ጊዜ አብሬ ስቄያለሁ። ትልቅ ሰው ስሆን ነው ቆይ አበበን በሶ አብልቶ ጫላን ጩቤ ያስጨበጠው ሰው ምን አስቦ ነው ያልኩት።

የድሮ ሰው፦ አቦ ጫላ እሱማ ለጨ ፊደል ቃል ጠፍቶ ነው እንጂ ክፋት አይመስለኝም።

ጫላ ነኝ፦ ጨው ጠፍቶ ነው? ጫላ ጨው ጨመረ። ይኸው ጻፍኩት፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ኬጂ ቲቸር፦ ይሄን ሰርቄሃለሁ ከነገ ጀምሮ ጫላ ጨው ጨመረ ነው የማስተምረው።

ሀቅ ተናጋሪ፦ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። አበበ የአንድ ብሔር ስም ነው፣ ዛሬ ሰው ስም ሲያወጣ ሰፈሩን ብቻ አይደለም የሚያየው ነገ ልጁ የት ክልል ሄዶ ምን ሊባል ይችላል ብሎ ነው የሚያስበው። ለዚህ ነው ሁሉም ወደ መጽሐፍ ቅዱስ የሸሸው። ናታን ብትለው የየት አገር ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፣ ኢንሹራንስ በለው።

የሰላሌው፦ ሀቅ ተናጋሪ አፈር ስሆን ይሄን እንኳ ተው። ስሙ ስትሉ መጀመሪያ ማን ይመጣባችኋል? አበበ ቢቂላ! የሰሜን ሸዋ ጃቶ ልጅ። አበበ አማርኛ ነው፣ ቢቂላ ኦሮምኛ ነው በቀለ እንደማለት። አንዱ አበበ አንዱ በቀለ፣ ሁለቱም የተክል ቃል፣ ሁለት ቋንቋ አንድ ሰው ላይ። አርበኛው ራስ አበበ አረጋይም ብትሉ እናታቸው ወይዘሮ አስካለ የኦሮሞው የራስ ጎበና ዳጬ ልጅ ናቸው። ታዲያ የትኛውን አበበ ነው ለአንድ ብሔር የምትሰጠው?

ሀቅ ተናጋሪ፦ እኔ ታሪኩን አልካድኩም ወንድም። ዛሬ ሰው የሚፈራውን ነው ያልኩት። ፍርሃት ታሪክ አያነብም።

የሰላሌው፦ እሺ እሱስ ልክ ነህ። ግን እየፈራን ስም ከሸሸን ስሙ በእርግጥም የአንድ ወገን ሆኖ ይቀራል፣ ያን ጊዜ አንተ ያልከው እውነት ይሆናል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከአሜሪካ ነኝ። እኛ ጋ አበበ አልጠፋም፣ እንደውም እዚህ ነው የተረፈው፣ ግን የቤተሰብ ስም ሆኖ። የኔ አባት አበበ ነው፣ ወረቀት ላይ ያ የኔ ላስት ኔም ሆነ፣ ከዛ የልጆቼም ላስት ኔም ሆነ፣ ስለዚህ ልጄ የራሷን አባት ስም ትታ የአያቷን ነው የምትጠራበት። ሐኪም ቤት «ሚስ አቢቢ» ብለው ሲጠሯት ብድግ ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ በአባቷ ስም ነው ያለችው፣ አንዴ ልጅቷን ይዛ ብቻዋን ስትበር ስማችሁ አይገጥምም ብለው አስቁመዋት ፎቶ ከስልኳ እያወጣች ነው ልጄ ናት ያለችው። እንግዲህ ምን ልበልህ፣ አንተ የመጀመሪያ ስም አድርገህ ብታወጣው ደስ ይለኛል፣ ባለቤቱ ቦታ ይመለሳል።

የነታንያዋ፦ ወንድሜ ናታን ናታን የምትባባሉት እዚህ እስራኤል ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ሰጠ» ማለት ነው። ልክ እንደ አበበ ያለቀ ግስ ነው፣ እሱ፣ ትናንት፣ ሰጠ። እስቲ ለሚስትህ ልጃችንን «ሰጠ» እንበለው በላት በናታን ፋንታ፣ ትቀበልሃለች? አትቀበልም፣ የገጠር ስም ነው ትልሃለች። አንድ ዓይነት ስም ነው እኮ፣ ያኛው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ነው የጣመን።

ቲና፦ ኧረ ይሄ ያስገርማል አላውቅም ነበር

የነታንያዋ፦ ልጨርስልሽ። እኛ በ1977 ዓ.ም በሱዳን በኩል ስንገባ የመዘገበን ሰው የኔን ስም በአንድ ደቂቃ ቀይሮ ወረቀት ሰጠኝ፣ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም፣ ሌሊት ተኝቼ አዲሱን ስሜን እንዳልረሳው እያልኩ እደጋግመው ነበር። ወንድሜ አበራን ግን ዘለሉት፣ እንደነበረ ቀረ ብለን ደስ አለን። እዚህ ቃል መሀል ያለችዋ «በ» እንደ «ቨ» ትነበባለች፣ ልጁ አቬራ ሆነ። አቬራ በነሱ ጆሮ ደግሞ ጥፋት፣ ኃጢአት ማለት ነው! ያበራ ብላ እናቴ ያወጣችለት ልጅ። እንደዚህም ሆኖ አልቀየረውም፣ አሁን ልጆች አሉት አሁንም አበራ ነው። እናንተ ማንም ሳያስገድዳችሁ ነው በገዛ አገራችሁ የምትቀይሩት።

አዲሱ አባት፦ እህቴ ይሄን አንብቤ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ቆይ አባቴ ለምን አበበ እንደተባሉ አልነገርኳችሁም። አያቴ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ሸዋ በረሃ አምስቱን ዓመት የከረሙ አርበኛ ነበሩ፣ አባቴ 1934 ዓ.ም ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሲወለዱ በአለቃቸው ስም አወጡላቸው። አባቴ ሲያጫውቱኝ 1953 ዓ.ምን አይረሱም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ማታ ነው፣ የ1953 እንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው፣ ዜናው ከአደይ አበባ ጋር ነው የገባው ይላሉ። በባዶ እግሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው ደግሞ ጣሊያኖች ከኛ ወስደው ያቆሙት የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ። ያን ሰሞን አባቴን ሰው ሁሉ «ቢቂላ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ከዛ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው በታኅሣሡ ግርግር ራስ አበበ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሌሎቹ ባለሥልጣኖች ጋር ተገደሉ። አባቴ በአንድ ዓመት አንዱ አበበ ሲያብብ አንዱ ሲረግፍ አየሁ ነው የሚሉት።

የሰላሌው፦ ግርግሩን የመራው ደግሞ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነው፣ አበበ ቢቂላ ራሱ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጉድ ነው።

መቀሌ፦ ራስ አበበን ስታሞግሱ አንድ ነገር ልበል ሳትቆጡ። 1936 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ቀዳማይ ወያነ የተባለውን የትግራይ አመፅ ለመደምሰስ ትግራይ የዘመተውን ጦር የመሩት እሳቸው ናቸው። የኔ አያት ያንን ነው የሚያስታውሱት። ስሙን አልጠላውም፣ ጎረቤታችን አበበ የሚባል ምርጥ አናጢ ነበር፣ ግን አንድ ስም ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ትዝታ አያመጣም።

አዲሱ አባት፦ ልክ ነህ ወንድሜ። አያቴ ያወጡት በበረሃው ጓደኝነት ነው፣ ያንተ አያትም ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔ አባቴን ብዬ ነው።

ባለስፖርት፦ ፖለቲካውን ተዉትና የቢቂላን ነገር ልጨምር። ቶኪዮ 1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በነሱ ነው የምጠራው) ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በሳምንታት ውስጥ ሮጦ ደገመው 2:12:11፣ ጨርሶ ሜዳው ላይ ጂምናስቲክ ሰራ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለቴ በተከታታይ ያሸነፈ ከሱ በፊት የለም። ከዛ መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፣ እንግሊዝ ታክሞ በተሽከርካሪ ወንበር ቀስት ውርወራ ተወዳደረ፣ በ41 ዓመቱ አረፈ። አበበ መኮንንም አለላችሁ ቦስተንን በ1989 ያሸነፈ። እና ስሙን ማን እንደፈለገው ታውቃላችሁ? ቪብራም የሚባል የጣሊያን ጫማ ኩባንያ! ባዶ እግር የሚመስል ጫማ ሰርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሸጠው፣ ቤተሰቡ በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ባዶ እግሩን በሮጠ ሰው ስም ጫማ። እኛ የናቅነውን ስም ጣሊያን ለገበያ ፈለገው።

ቲና፦ ቢቂላን ነው የፈለጉት አበበን አይደለም ሃሃሃ። እሺ ባለስፖርት ተሸንፌያለሁ ግማሹን። ግን እናት መንፈሳዊ ስም ብትፈልግ መብቷ ነው አይደል?

የድሮ ሰው፦ ለሱማ የክርስትና ስም አለለት! 40 ቀኑ ላይ ቄሱ የሚያወጡት ለምን ሆነና። ጃንሆይ እኮ የዓለም ስማቸው ተፈሪ ነበር፣ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ነው። አሁን ሰው መንፈሳዊውን ለቀበሌ አውጥቶ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ መንፈሳዊ ይጨምራል፣ ለቤት የቀረ ስም የለም። እናት ለቤቱ የምታወጣው ስም ላይ እኮ ነበር የቤቱ ወሬ ያለው፣ ሞቶባቸው ለተተካው ካሣ፣ ምትኩ፣ በሰላም ለተወለደው ሌላ። ስሙን ስትሰማ ቤቱ ምን እንዳሳለፈ ታውቅ ነበር።

የልጁ እናት፦ ሰላም። እህቴ ስክሪንሾት ልካልኝ ነው የገባሁት። ለካ ቤታችን ግሩፕ ላይ ነው የሚመከረው! «በነፃነት ጻፉ» ብሏችኋል እኔም በነፃነት ልጻፍ። አበበ በሶ በላ ያሉት እህቶቼ ናቸው እኔ አልሳቅኩም። ናታንንም ቢሆን ሌላ ስም አምጣ ብዬዋለሁ። የኔ ምክንያት ሌላ ነው፣ አስር ጊዜ ነግሬዋለሁ አልሰማኝም። ጋሼ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ሳሎን መስኮቱ ጋ ያለችው ሶፋ ላይ ነው የሚውሉት። አስራ አንድ ዓመት ጋሼ እያልኩ ስማቸውን አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም። ይሄ ልጅ ነገ ድክ ድክ ሲል ሶኬት ውስጥ ጣቱን ሊከት ነው፣ እኔ ከኩሽና «አበበ! አንተ የማትሰማ! ና ውረድ ከዛ!» ብዬ ስጮህ ጋሼ ከሶፋው ብድግ ይበሉ?

ቲና፦ ወይኔ ሞትኩ

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይሄን ማንም አላሰበም እኮ።

አዲሱ አባት፦ ሶኬቱንማ ነግረሽኛል፣ ጋሼን አላነሳሽም።

የልጁ እናት፦ አንስቻለሁ። ለማንኛውም ዛሬ ጠዋት ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «እኔንም ሲያወጡልኝ አላማከሩኝም፣ ያንቺን ልጅ እንዳሻሽ በይው፣ ብቻ ቤት ውስጥ በሶ ካለ አምጪልኝ ሆዴ ባዶ ነው» አሉኝ። በማር ለውሼ ሰጠኋቸው፣ በልተው ጋደም ብለዋል። አንተ ደግሞ ስልኩን አስቀምጥና ስትመጣ ዳይፐር ይዘህ ና፣ ሁለት ነው የቀረው።

ጫላ ነኝ፦ አቶ አበበ በሶ በሉ። እኔም ጩቤዬን አስቀመጥኩ ሃሃሃሃ