ፎርሙላ ዋን፦ የቡድኑ ብሔራዊ መዝሙር ይቀጥል ወይስ ይቅር?

የክርክሩ መነሻ፦ በፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ውድድሩ ሲያበቃ በሽልማት መድረኩ ላይ መጀመሪያ የአሸናፊው አሽከርካሪ ሀገር መዝሙር፣ ቀጥሎ የቡድኑ ሀገር መዝሙር ይሰማል። የቡድኑን ዜግነት የሚወስነው የውድድር ፈቃዱን የሰጠው ሀገር ነው፤ ፋብሪካው የት እንደሆነ ወይም ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታይም። ይህ ሁለተኛው መዝሙር ይገባል? ደጋፊስ ልቡን የሚሰጠው ለማን ነው፤ ለሀገር፣ ለቡድን ወይስ ለአሽከርካሪ? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄኖክ፦
ይቅር ባይ ነኝ። እንግሊዝ ሲልቨርስቶን ውስጥ ያለ አንድ ቡድን ልጥቀስ። ኤዲ ጆርዳን በ1991 ወደ ፎርሙላ ዋን ሲያስገባው የአየርላንድ ቡድን ነበር። ተሸጠና በ2006 ሚድላንድ ተብሎ ሩሲያዊ ሆነ። ወዲያው ስፓይከር ገዛውና ሆላንዳዊ ሆነ። በ2008 ቪጃይ ማልያ ፎርስ ኢንዲያ ብለው ሕንዳዊ አደረጉት። በ2018 ገንዘብ ሲያጥረው ሎውረንስ ስትሮል የሚመሯቸው ባለሀብቶች ወሰዱትና ብሪታንያዊ ሆነ። ዛሬ አስተን ማርቲን የምንለው ይኸው ቡድን ነው፤ ስትሮል ራሳቸው ደግሞ ካናዳዊ ናቸው። አምስት ሀገር ሲቀያይር ከዚያው ከሲልቨርስቶን ንቅንቅ አላለም። ብሔራዊ መዝሙር ሰዎች የሞቱለት ነገር ነው። ከድርጅት ጋር አብሮ ሲገዛና ሲሸጥ ማየት ያመኛል።

ቤተልሔም (ከሚላኖ)፦
ሄኖክ፣ የአንድ ቡድን ታሪክ ይዘህ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቀለልካቸው። ፌራሪ ከ1950 ጀምሮ አንድም የውድድር ዘመን ያልቀረ ብቸኛ ቡድን ነው። መኪናውም ሞተሩም እዚሁ ጣሊያን፣ ማራኔሎ ይሠራል። እዚህ ሀገር ፌራሪ በተሸነፈ ማግስት ቡና ቤቶቹ ሐዘን ቤት ይመስላሉ።

በ1983 እዚሁ ጣሊያን፣ ኢሞላ ላይ የሆነውን አስብ። ጣሊያናዊው ሪካርዶ ፓትሬዜ በብራብሃም መኪና እየነዳ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው የፌራሪውን ፈረንሳዊ ፓትሪክ ታምቤይን አልፎ መሪነቱን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ወጥቶ ተጋጨ። በገዛ ሀገሩ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት! ሕዝቡ ግን በደስታ ጮኸ፤ ምክንያቱም ቀዩ መኪና ሊያሸንፍ ነው። አሸነፈም። ለዚያ ሕዝብ ጣሊያን ማለት መኪናው ነበር። ታዲያ ታምቤይ መድረክ ላይ ሲቆም የጣሊያን መዝሙር ባይሰማ ለማን ሊጮኹ ነበር?

ሳምራዊት፦
ቤቲ፣ ምስክርሽ የመሰከረው ለእኔ ነው። ጣሊያናዊ ወድቆ ፈረንሳዊ ሲያሸንፍ የሚደሰት ሰው የሚወደው ቡድኑን ነው። ሀገሩን ቢሆን ለፓትሬዜ ባዘነ ነበር። የጣሊያን ዜጋ ለመጨረሻ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አልቤርቶ አስካሪ ነው፤ በ1952 እና በ1953። ከዚያ ወዲህ ጣሊያናውያን በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በፊንላንድ ሰዎች ድል ሲጨፍሩ ኖረዋል፤ መብታቸው ነው፣ ደስ የሚልም ነው። ግን ለዚህ ፍቅር መዝሙር አያስፈልገውም፤ መኪናው ይበቃዋል።

ከፌራሪ ደግሞ ወደ አልፒን ውረጂ። በፈረንሳይ ፈቃድ የሚወዳደር ቡድን ነው። መኪናው የሚሠራው እንግሊዝ፣ ኤንስቶን ነው። እስከ 2025 ድረስ ቢያንስ ሞተሩን ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለችው ቪሪ ሻቲዮን የሚሠሩ ፈረንሳውያን ነበሩ። ድርጅቱ ያንን ሥራ አቁሞ ከ2026 ጀምሮ የመርሴዲስ ሞተር ገዛ፤ ይህም የሚሠራው እንግሊዝ ብሪክስዎርዝ ውስጥ ነው። የቪሪ ሠራተኞች በ2024 ጣሊያን ሞንዛ ውድድር ድረስ ሄደው ተመልካቹ መካከል ተቀምጠው ተቃውሟቸውን ገልጸዋል። አሁን ያ መኪና ቢያሸንፍ የሚዘመረው የፈረንሳይ መዝሙር ነው። ለእነዚያ ሠራተኞች ከዚህ የባሰ ስድብ አለ?

ጋሽ ተፈራ፦
ልጆቼ፣ ነገሩ የተጀመረው ከመዝሙር በፊት በቀለም ነው። ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጀርመን ነጭ፣ በኋላም ብርማ። ፌራሪ ቀይ የሆነው የጣሊያን ቀለም ቀይ ስለነበረ ነው። በ1964 የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ አንዱ የእሽቅድምድም መኪናቸው ዕውቅና ሲከለከል የሀገሬ የአውቶሞቢል ክለብ አልቆመልኝም ብለው ተቆጡ። ቀዩን ገፈፉና በመጨረሻዎቹ ሁለት ውድድሮች፣ አሜሪካና ሜክሲኮ ላይ፣ መኪኖቻቸውን በአሜሪካ ቀለም፣ በነጭና ሰማያዊ አሰለፉ። እንግሊዛዊው ጆን ሰርቲስ የዓለም ሻምፒዮንነቱን የጨረሰው በዚያ ቀለም ነው። ኤንዞ የገዛ ሀገራቸውን ለመቅጣት ሲፈልጉ የመረጡት ዱላ የሀገር ቀለም መሆኑን ልብ በሉ። ዋጋ የሌለው ነገር ዱላ አይሆንም።

በ1968 ደግሞ ሎተስ የእንግሊዝን አረንጓዴ ትቶ የጎልድ ሊፍ ሲጋራን ቀለም ለበሰ። ቀለሙ በዚህ መንገድ ለማስታወቂያ ተሸጠ። የቀረው መዝሙሩ ነው፤ አሁን እናንተ እሱንም ውሰዱት ትላላችሁ። ከ2000 እስከ 2004 የፌራሪው ጀርመናዊ ሹማኸር አምስት ጊዜ ተከታትሎ ሻምፒዮን ሲሆን የጀርመኑ መዝሙር አልቆ የጣሊያኑ ሲጀምር የፌራሪ ሰዎች ከመድረኩ ሥር ሆነው እየዘመሩ፣ እሱም ከላይ ሆኖ እጁን እንደ ሙዚቃ መሪ እያወዛወዘ ያጅባቸው ነበር። ሁለት ሕዝብ በአንድ መድረክ ላይ እንደዚያ ሲገናኝ በሌላ ስፖርት አላየሁም።

ሄኖክ፦
ጋሽ ተፈራ፣ ያሉት ልብ ይነካል። ግን ሀገር ከሀገር የሚሽቀዳደምበት ውድድር ተሞክሯል። ኤ ዋን ግራንድ ፕሪ በ2005 ሲጀመር ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ይነዱ ነበር፤ የሚለያቸው ባንዲራ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ሊባኖስ፣ ፓኪስታን ሳይቀሩ ቡድን አሰልፈዋል። ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና አየርላንድ በየተራ ዋንጫውን ወሰዱ፤ ከ2009 በኋላ ገንዘቡ አልቆ ተዘጋ። ባንዲራ ብቻውን ደጋፊ የሚያፈራ ቢሆን ያ ውድድር ዛሬም በኖረ።

ጋሽ ተፈራ፦
በአራት የውድድር ዘመን ደጋፊ አይፈራም፣ ልጄ። ፌራሪ ሰባ ዓመት አልፎታል።

ዮናስ (ከአቡ ዳቢ)፦
ሁላችሁም ስለ አውሮፓ ነው የምታወሩት። አፍሪካ ውስጥ ከ1993 የደቡብ አፍሪካው የኪያላሚ ውድድር ወዲህ ፎርሙላ ዋን አልተካሄደም። የእኛ የኢትዮጵያ መዝሙር በዚያ መድረክ ላይ ተሰምቶ አያውቅም። ታዲያ እኔን የመሰለ ደጋፊ ምን ይምረጥ? ሰውን። እኔ ሉዊስ ሃሚልተንን መረጥኩ፤ ጥቁር ስለሆነ ነው፣ አላፍርበትም። በ2008 በማክላረን፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ በመርሴዲስ ሻምፒዮን ሲሆን አብሬው ነበርኩ፤ በ2025 ወደ ፌራሪ ሲሄድ እኔም ሄድኩ። የብሪታንያ፣ የጀርመን፣ የጣሊያን መዝሙር ለእኔ ልዩነት የለውም።

ብራዚላዊውን አይርተን ሴናን አስቡት። በ1986 ዲትሮይት ላይ በእንግሊዙ ሎተስ አሸነፈ። ብራዚል በዋዜማው በዓለም ዋንጫ በፈረንሳይ ተሸንፋ ነበር። የብራዚልን ባንዲራ ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ሆኖ እያውለበለበ ዞረ። ሀገር የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው፤ ኩባንያ ሀገር የለውም። እኛስ ሲፈን ሐሰን በ2024 ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቅ ስትወስድ የሆላንድ ማሊያ ለብሳ ነበር፤ ስንቶቻችን ነን አዳማ ተወልዳለች ብለን የተደሰትነው?

ቤተልሔም፦
ዮናስ፣ በሲፈን ጊዜ ያልተደሰቱም ብዙ ነበሩ፤ በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣችው የእኛዋ ትግስት አሰፋ ነበረች፤ እኔ የጮኽኩት ለትግስት ነው። የሀገር ነገር አንተ እንደምትለው ቀላል አይደለም። ደግሞ እዚህ እያየሁት ያለሁትን ልንገርህ፦ ኪሚ አንቶኔሊ የቦሎኛ ልጅ ነው፣ ማራኔሎ ቅርቡ ነው፣ የሚነዳው ግን የመርሴዲስ መኪና ነው። ጣሊያናዊ ጓደኞቼ ይወዱታል፣ እንዲያሸንፍም ይመኛሉ፤ ፌራሪን እንዲቀድም ግን አይፈልጉም። ከኢሞላው ዘመን ወዲህ ያልተለወጠ ነገር አለ።

ሳምራዊት፦
ሲፈን ሰው ናት። ሰው ሀገሩን ለቅቆ ሌላ ሀገር ሲቀበለው በሕይወቱ የከፈለው ዋጋ አለ፤ ስለዚህ የአሽከርካሪውን መዝሙር ማንም አይንካው። ማክስ ቨርስታፐን ቤልጂየም ተወልዶ፣ እናቱ ቤልጂየማዊት ሆና በሆላንድ ባንዲራ ይወዳደራል፤ አሌክስ አልቦን ለንደን ተወልዶ የእናቱን ሀገር የታይላንድን መርጧል። ያ የራሳቸው ውሳኔ ነው። ለኩባንያ የሚወስንለት ግን የሒሳብ ክፍሉ ነው። ወይ ይቅር፣ ወይ ደግሞ መኪናው የተሠራበት ሀገር መዝሙር ይዘመር።

ጋሽ ተፈራ፦
እንደዚያ ከሆነማ ማክላረን፣ ዊሊያምስና አስተን ማርቲን ላይ መርሴዲስ፣ ሬድ ቡልና አልፒን ሊጨመሩ ነው፤ ሁሉም እንግሊዝ ውስጥ ናቸው። እሁድ ከእሁድ አንድ መዝሙር ስንሰማ ልንከርም!

ሳምራዊት፦
እውነቱ ያ ከሆነ ይሰማ፣ ጋሽ ተፈራ። እንግሊዝ ብራክሊ ያሉት የመርሴዲስ ሠራተኞች ከ2014 እስከ 2021 ስምንት ጊዜ ተከታትለው የቡድኖችን ዋንጫ ሲወስዱ በየመድረኩ ለእነሱ የተዘመረው የጀርመን መዝሙር ነው። መኪናውን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ብሪክስዎርዝ ያሉት ጓደኞቻቸው ደግሞ ሞተሩን። ለእነዚህ ሰዎች ማን ዘመረላቸው?