የድሮ ግዙፍ ጭራቅ ኮሚኮች፦ የትኛውን ጥራዝ ላስመጣ?

ሎሚ ሽታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለገሃር አካባቢ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጋ ልጅ ሽፋኑ የወለቀ የእንግሊዝኛ ኮሚክ ገዛሁ። ጎድዚላ ነው፤ ግን አረንጓዴ ነው። ይባስ ብሎ አይጥ አክሎ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ከአይጥ ጋር ይተናነቃል! እንዴት እዚያ እንደደረሰ አላውቅም፤ የፊቱ ገጾች የሉም። መስመሩ ግን በጣም ነው የገባልኝ። ሥራዬ ግራፊክስ ነው፤ ማታ ማታ የራሴን ጭራቆች እሞካክራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከቨርጂኒያ ትመጣለች። ሻንጣዋ ሞልቷል፤ «አንድ መጽሐፍ፣ እሱም ቀለል ያለ» ብላኛለች። እኔ እንዳላዝ የዶላር ካርድ የለኝም። ስፈልግ ደግሞ ጎድዚላ አለ፣ ጎርጎ አለ፣ ኮንጋ አለ፣ የማርቭል ጭራቆች አሉ። የትኛውን ልበላት? የምፈልገው እያየሁ ለመሳል ነው፤ ለመደርደሪያ ጌጥ አይደለም።

ኦፍሴት፦

እህቴ፣ ያገኘሽው የማርቭል ጎድዚላ ነው። በፈረንጆቹ ከ1977 እስከ 1979 ወጣ፤ 24 ቁጥር ደርሶ ቆመ። ጸሐፊው ዳግ ሞንች ነው። አብዛኛውን የሳለው ኸርብ ትሪምፕ ነው። ጎድዚላው ያነሰው የማርቭል ገጸ ባህሪ በሆነው በሳይንቲስቱ በሄንክ ፒም ማሳነሻ ጋዝ ነው፤ ከዚያ ኒውዮርክ ላይ አምልጦ ቱቦ ውስጥ ገባ። አትሳቂ፣ ከተከታታዩ ምርጡ ክፍል እሱ ነው። ከተማ ሲያፈርስማ ሁሌም አይተነዋል።

ጎድዚላ የጃፓኑ የፊልም ኩባንያ የቶሆ ንብረት ነው። ማርቭል በፈቃድ ነበር የሚያሳትመው። ፈቃዱ ሲያበቃ እንደልብ መልሶ ማተም አልቻለም፤ ለዚህ ነው ጥራዙ እንደ ሌሎቹ የማይገኘው። 24ቱም በአንድ ላይ በ2006 በጥቁርና ነጭ ወጡ። በ2024 ደግሞ በቀለም፣ በጠንካራ ሽፋን፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ወጡ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ታገሺኝ። ሌንስ ካለሽ ያንን የገዛሽውን ገጽ እዪው። አረንጓዴው አረንጓዴ አይደለም። ቢጫ ሜዳ ላይ የተበተነ ሰማያዊ ነጥብ ነው። በዚያ ዘመን ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም በሦስት መጠን ብቻ ነበር የሚታተመው፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ባዶውን ጨምረሽ ሲባዛ 64 ቀለም ይሆናል፤ በቃ። ቀለም መራጩ ደግሞ ሕትመቱ የጋዜጣ ወረቀት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። ያ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፣ ራሱም ነጭ አይደለም። ስለዚህ ደመቅ አድርጎ ይመርጣል። ያንኑ ምርጫ ወስደሽ እንደ 2024ቱ የሚያብረቀርቅ አርት ፔፐር ላይ ስታሳርፊው ቀዩ እንደ ሰርግ መኪና ሪባን ይጮኻል። መስመሩን ይውጠዋል። ላንቺ ደግሞ ዋናው መስመሩ ነው።

ስለዚህ የ2006ቱን ጥቁርና ነጭ አስመጪ። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ ሽፋኑ ስስ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ አያስቸግርም። ትሪምፕ ጥላውን የት እንዳሳረፈ፣ ቅርፊቱን የት ላይ ስሎ የት ላይ እንደተወው በግልጽ ይታይሻል።

የፒያሳ ልጅ፦

ኦፍሴት፣ ጋሼ፣ ጎድዚላ ላይ ብቻ ቆመህ ቀረህ እኮ! ሠዓሊው ጃክ ከርቢ የሳላቸውስ? ማርቭል ወደ ልዕለ ጀግኖቹ ከመዞሩ በፊት በየወሩ አዲስ ጭራቅ ነበር የሚያወጣው። በፊልም ያወቅነው ግሩት እንኳ መጀመሪያ በ1960 የመጣው ምድርን ሊወር ነው። ያሸነፈው ማን መሰለሽ? ምስጥ! አንድ ሳይንቲስት ምስጥ ለቀቀበት፣ አለቀ። ድራጎኑ ፊን ፋንግ ፉም ደግሞ በ1961 መጣ። በ2017 በሁለት ትልልቅ ጥራዝ ሰብስበው አውጥተዋቸዋል።

ኦፍሴት፦

የፒያሳ ልጅ፣ ከርቢን ማን ይጠላል? ግን «ቀለል ያለ» ተብላለች እኮ። የአንተን ሁለት ድንጋይ ተሸክማ ልትመጣ ነው?

ሎሚ ሽታ፦

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ጎርጎና ኮንጋስ? የሳላቸው ስፓይደርማንን የሳለው ሰውዬ ነው ይላሉ።

ኦፍሴት፦

ነው፤ ስቲቭ ዲትኮ። በ1962 ወደ ስፓይደርማን ከመድረሱ በፊት ነው የጀመራቸው። ያሳተማቸው ቻርልተን ነው፤ ኮነቲከት፣ ደርቢ የሚባል ከተማ። ዝግጅቱን፣ ሕትመቱን፣ ስርጭቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር የሚሠሩት። ክፍያቸው ትንሽ ነው፤ ሠዓሊውን ግን አይነዘንዙም። ዲትኮ ይህን ወዶላቸዋል። ሁለቱም ተከታታዮች 23 ቁጥር ሄደዋል፤ እሱ የሳለው ግን ሁሉንም አይደለም። በ2013 የእሱን ብቻ ለቅመው ጎርጎን ለብቻ፣ ኮንጋን ለብቻ አድርገው አሳትመዋል።

ጎርጎው እኔ ጋ አለ። ፊልሙም በ1961 የወጣ ነው፦ ሕፃኑን ጭራቅ ይዘው ለንደን ላይ በገንዘብ ያሳዩታል፣ እናትየው መጥታ ከተማውን ታፈርሳለች። ማን ይፈርድባታል? ጥራዙን ያነሱት ከድሮዎቹ እትሞች ላይ ነው። ቢጫው ከመስመሩ ስንጥር ታህል ወጥቶ ይታያል፤ ማሽኑ ላይ የቢጫው ፕሌት፣ ማለትም ማተሚያ ሰሌዳው፣ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው። እኛ ብንሆን አለቃችን ያስጥለን ነበር። እኔ ግን እንዲያውም እሱን ነው የምወድለት። አራት ኪሎ ስትመጪ ላሳይሽ እችላለሁ፤ ቡናው በአንቺ ነው።

ስለ ጎድዚላው አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። የ2006ቱ የሚገኘው ያገለገለ ነው፤ ዋጋውም እንደ ሻጩ ነው። ጥራዙ የሙጫ እንጂ የስፌት አይደለም። የአክስትሽ ልጅ ከመክፈሏ በፊት ገጾቹ የተጣበቁበትን የጀርባውን ጎን ፎቶ ትጠይቅ። መሃሉ ተሰንጥቆ ከሆነ ገጾቹ አንድ በአንድ እጅሽ ላይ ይቀራሉ።

ሎሚ ሽታ፦

እሺ ጋሼ፣ ቡናው በኔ። አሁኑኑ ጻፍኩላት። መልሷ ይኸው፦ «ባለቀለሙ እያለ ጥቁርና ነጭ? ምን ነካሽ?»