ከክላሲካል ወደ ፈንክ፦ ለአልቶ ሳክስፎን የትኛው ማውዝፒስ ይሻለኛል?

አልቷ

ሰላም ለሁላችሁም። የሳክስፎን ነገር የገባችሁ ሰዎች እርዱኝ።

አልቶ ነው የምነፋው። ማውዝፒሴ (አፍ ውስጥ የሚገባው ክፍል) ከሳክስፎኑ ጋር የመጣው ያማሃ 4ሲ ነው፤ ሪዴ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው፣ የሚንቀጠቀጠው ቀጭን ምላስ) ቫንዶረን ትራዲሽናል 2.5፤ ቁጥሩ ጥንካሬው ነው። በሳክስፎን ኳርቴት ክላሲካል እጫወታለሁ። እዚያ ደስተኛ ነኝ። ድምፄ ከሌሎቹ ጋር ይገጥማል፣ ማንም ላይ አይጮኽም።

አሁን ግን ፈንክ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ገብቻለሁ። ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ድራሙ፣ ኪቦርዱ ሁሉ አለ። ሶሎዬ ሲደርስ ድምፄ ይዋጣል። ልጨምር ብዬ በኃይል ስነፋ ደግሞ ሪዱ ጭራሽ ይዘጋብኛል፤ ድምፁ ከመጉላት ይልቅ ይታፈናል። ከንፈሬም ቶሎ ይዝላል።

የሚሰጠኝ ምክር ለየቅል ነው። አንዱ «የብረት ማውዝፒስ ያዢ» ይላል። ሌላው «የማውዝፒሱን የጫፍ ክፍተት ቁጥር ከፍ አድርጊ፣ 8 ግዢ» ይላል። ሦስተኛው «ከዱኮፍ ማውዝፒስ ውጪ አትንኪ» ብሎ ይምላል። እውነት አንድ ለሁሉም የሚሆን ማውዝፒስ የለም? ወይስ ለየሙዚቃው መቀያየሬ የግድ ነው? ባላድም (ዝግ ያለ ዜማ) ስለምወድ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ አልፈልግም።

ቴነሩ

እኔ ቴነር ነፊ ስለሆንኩ ስለ አልቶ በሙሉ አፌ አልናገርም። ግን ሜየር 5 የሚባለውን ማውዝፒስ ሞክሪ፤ መካከለኛ ቻምበር (የውስጥ ክፍተት) ያለውን። የጃዝ አልቶ ነፊዎች ለብዙ ዘመን የያዙት ነው። ሪዱን ቫንዶረን ጃቫ 2.5 አድርጊው። ባላዱንም ፈንኩንም ያስኬድሻል።

8 የሚሉሽን አትስሚ። ከ4ሲ ተነስተሽ እዚያ ብትዘይ ትንፋሽሽም ከንፈርሽም አይችለውም።

የድሮው ነፊ

እህቴ፣ ምንም ሳትገዢ በፊት ያንኑ 4ሲ በ3 ቁጥር ሪድ ንፊው። በኃይል ስትነፊ ይዘጋል ያልሽው ጠባብ ጫፍና ለስላሳ ሪድ ሲገናኙ የሚመጣ ነው። የ4ሲ የጫፍ ክፍተት፣ ማለትም በማውዝፒሱ ጫፍና በሪዱ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት፣ 1.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሪዱ የሚወዛወዝበት ቦታ ትንሽ ነው። ትንፋሹ ሲበረታ ለስላሳው ሪድ ከጫፉ ጋር ይጣበቃል። ጠንከር ያለው ግን ይቋቋማል። የባንዱን ችግር ሙሉ በሙሉ አይፈታልሽም፤ ነገር ግን ምን ያህሉ ከሪዱ፣ ምን ያህሉ ከማውዝፒሱ እንደሆነ ይለይልሻል።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው፦ የጫፉን ክፍተት ለራሳችሁ ምረጡ፤ ባፍሉንና ቻምበሩን፣ ማለትም የማውዝፒሱን ውስጥ፣ ለሙዚቃው ምረጡ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው። ፈንክ ልጫወት ነው ይልና ሰፊ ጫፍ ይገዛል። ከዚያ ድምፁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሰፊ ጫፍ በራሱ ድምፅን ደማቅ አያደርግም። የሚሰጠው ድምፁን እንደ ልብ የማጠፍና የማዘንበል ነፃነት ነው፤ በምትኩ ብዙ ትንፋሽና የጠነከረ ከንፈር ይጠይቃል።

ደማቅነት የሚመጣው ከውስጥ ነው። ሪዱን አውልቀሽ ማውዝፒሱን ወደ መብራት አዙሪውና ከጫፉ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቺ። ከሪዱ ትይዩ ያለው ጣሪያ ባፍል ይባላል። ያንቺው 4ሲ ላይ ጣሪያው ከሪዱ ቀስ እያለ ይርቃል። ዱኮፍ ብትይዢ ግን ጣሪያው ወደ ሪዱ እንደተጠጋ ይሄድና ቻምበሩ ጋ ሲደርስ ይከፈታል። ባፍሉ እንዲህ ሲጠጋ ድምፁ ውስጥ ያሉት ኦቨርቶኖች (ከዋናው ኖታ በላይ አብረው የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች) ጎልተው ይወጣሉ። ባንድ ውስጥ አንቺን የሚያሰማሽ ይኸው ነው። ጊታሩና ኪቦርዱ የመሃሉን ድምፅ ሞልተውታል። እዚያው መሃል ገብተሽ በጉልበት ብትታገይ ታልቂያለሽ እንጂ አትሰሚም። ከላይ ያሉት ኦቨርቶኖች ሲኖሩ ግን በዚያው ትንፋሽ ጥርት ብለሽ ትወጫለሽ። ዴቪድ ሳንቦርን ያን ሰንጥቆ የሚወጣ አልቶውን የነፋው ዱኮፍ ይዞ ነው።

ዋጋው ግን አለው። ከፍ ያለ ባፍል ላይ የታችኞቹን ኖታዎች በለሆሳስ ማስነሳት ከባድ ነው። ላይኞቹ ይቀጥናሉ። ሪዱ ትንሽ ከተበላሸ ወዲያው ያሳብቃል። ኳርቴት ውስጥ ይዘሽው ብትገቢ ሦስቱም ዞር ብለው ያዩሻል።

ቻምበሩ ደግሞ ከባፍሉ ቀጥሎ ያለው ሆድ ነው። አዶልፍ ሳክስ እንደ ፈረንጆቹ በ1846 ሳክስፎንን ሲያስመዘግብ ማውዝፒሱ ውስጡ ሰፊና ክብ ነበር። ሲጉርድ ራሸር የሚባለው የክላሲካል ነፊ ዕድሜውን ሙሉ ለዚያ ሰፊ ቻምበር ተሟግቷል። ትላልቅ ባንዶችና ማጉያ የተገጠመላቸው ጊታሮች ሲመጡ ብዙ ሠሪዎች ቻምበሩን እያጠበቡ ባፍሉን እያስጠጉ ሄዱ። ሰፊ ቻምበር ድምፁን ያጠቁረዋል፣ ያሰፋዋል። ጠባቡ ያጠራዋል፣ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስበዋል። ጃዝ ባላድ የምትወጂ ከሆነ ቻምበሩን በጣም አታጥብቢው። እዚያ የምትፈልጊው ትንፋሹም ጭምር የሚሰማበት ሙሉ ድምፅ ነው።

ብረት ያዢ የሚሉሽን በተመለከተ፦ ኦቶ ሊንክ የሚባለው ማውዝፒስ በብረትም በኢቦናይትም (በጠንካራ ጎማ) ይሠራል። የጃዝ ነፊው ጆን ኮልትሬን በቴነሩ ለዓመታት የነፋው ብረቱን ነው። ብረቱ ኦቶ ሊንክ ውስጡ ሰፊ፣ ባፍሉም ዝቅ ያለ ስለሆነ ባፍላቸው ከፍ ካሉ ብዙ የፕላስቲክ ማውዝፒሶች ይልቅ ጠቆር ያለ ድምፅ አለው። ስለዚህ ከምን እንደተሠራ ከመጠየቅሽ በፊት ውስጡን እዪ።

ማውዝፒሱ ላይ የሚጻፈው የክፍተት ቁጥርም ያሳስታል። የሜየር 5 ክፍተት ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው። ኦቶ ሊንክ የቴነር 7 ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የሰልመር ሲ ስታር ጭራሽ ቁጥር የለውም፤ የአልቶው 1.7 ነው። በርግ ላርሰን የሚባለውን ሠሪ አጻጻፍ እወደዋለሁ። 100 ካለ የጫፉ ክፍተት 0.100 ኢንች ነው ማለቱ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ከ0 እስከ 3 የሚሄድ ቁጥር ስለ ውስጡ ይናገራል። 0 በጣም ደማቁ፣ 3 ጠቆር ያለው። ሁሉም ሠሪ እንዲህ ቢጽፍ ኖሮ ስንቱ ሰው ከድካም ይተርፍ ነበር!

ለአንቺ የምለው፦ ለኳርቴቱ 4ሲው ይበቃሻል፤ ከፍ ማድረግ ካማረሽ ሰልመር ኤስ80 ሲ ስታር ወይም ቫንዶረን ኦፕቲመም ኤኤል3። ለባንዱና ለባላዱ ቴነሩ ያለሽን ሜየር 5 ወይም ቫንዶረን ቪ16 ኤ5። ይህም አልበቃ ካለሽ ብቻ ወደ ጃምቦ ጃቫ ኤ35 ሂጂ፤ እሱ ባፍሉ ከፍ ያለ ነው፣ ጫፉ ግን አያስፈራሽም።

ስትሞክሪ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ሪዶች ያዢ። ለ4ሲ የሚሆነው ሪድ ሰፋ ባለ ጫፍ ላይ ሊከብድሽ ይችላል፤ ጥፋቱ የማውዝፒሱ ይመስልሻል። መጀመሪያ የታችኛውን ቢ ፍላት በጣም ዝቅ አድርገሽ አስነሺው። ቀጥሎ በመዳፍ ቁልፎቹ የሚወጡትን ላይኛዎቹን ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ በቲውነር (በቅኝት መለኪያ) ፈትሺ። ፈጣን ነገር ለመጫወት አትቸኩዪ፤ ጣትሽ ሲሮጥ ጆሮሽ ይዘናጋል። ስልክሽን ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ አስቀምጠሽ ቅጂው። ንዝረቱ በጥርስሽ በኩል ወደ ጆሮሽ ስለሚገባ አንቺ የምትሰሚው ድምፅና አድማጩ የሚሰማው አንድ አይደሉም።

ሪድ ፈላጊ

በአብዛኛው ከላይ ከተጻፈው ጋር እስማማለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ልዩነት አለኝ። ብረቱ ለድምፁ ብዙ ባይለውጥም ለአፍ ይለውጣል። ብረት ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን አድርገው ይሠሩታል፤ አፍሽ የሚከፈተው ያነሰ ነው። አንዳንዱ ሰው ይመቸዋል፣ ድምፁም በዚያ ይለወጣል። ለኢቦናይት የለመደ ከንፈር ደግሞ ይሸሸዋል። ስለዚህ ጭራሽ አያገባም አይባልም።

ሌላው ማንም ያላነሳው የኔኩ ኮርክ ነው፤ ማውዝፒሱ የሚሰካበት የሳክስፎኑ አንገት ላይ ያለው ቡሽ። ሁለት ማውዝፒስ የምትቀያይሪ ከሆነ የጀርባቸው ቀዳዳ እኩል ላይሆን ይችላል። ጠበብ ያለው ኮርኩን ይጨፈልቀዋል፤ ከዚያ ሰፋ ያለው ይወላገዳል፣ አየርም ያስወጣል። እኔ ኮርኩን ለሰፊው ልክ አስቀይሬ ለጠባቡ በደንብ ቅባት እቀባለሁ።

ቅኝቱ የሚገኝበት ቦታም በየማውዝፒሱ ይለያያል። ሰፊ ቻምበር ያለውን ወደ ውስጥ ጠለቅ ታደርጊዋለሽ፤ ጠባቡን ታወጪዋለሽ። የየራሳቸውን ቦታ ኮርኩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ፤ ልምምድ ላይ ሰው አታስጠብቂም።

አልቷ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉኝ 4ሲውን በ3 ቁጥር ሪድ ነፋሁት። ልክ ነዎት፤ መዘጋቱ ቆመ። ድምፄ ግን ባንዱ ውስጥ አሁንም ክብ ነው፤ አይወጣም። ከጓደኛዬ ሜየር 5 ተውሼ ሞከርኩ፤ ሶሎው ተሰማ፣ ባላዱም አማረኝ። ሆኖም ከሱ በኋላ ወደ ኳርቴት ስመለስ ድምፄ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቅኝት እወጣለሁ። ምን ላድርግ?

የድሮው ነፊ

ጎሽ! ሜየሩ ላይ ከንፈርሽ ላላ ብሏል፤ ወደ 4ሲው ስትመለሺ ደግሞ ለማካካስ ትነክሺዋለሽ ማለት ነው። ማውዝፒሱን ብቻውን፣ ያለ ኔክ ንፊው። ለክላሲካል አልቶ በመካከለኛ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ በፒያኖ ኤ፣ 880 ኸርዝ አካባቢ ይሁን። ቲውነሩ ከዚያ በላይ ካሳየሽ መንጋጋሽን ዘና አድርጊው። ለጃዝና ለፈንክ ከዚያ ወረድ ቢል ችግር የለውም፤ ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚነፉት።

ኳርቴት ባለብሽ ቀን መጀመሪያ ይህንኑ አድርጊ፣ ከዚያ ረዘም ያሉ ኖታዎች በ4ሲው ንፊ። ሜየሩን ያን ዕለት ከሳጥኑ አታውጪው።