እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ፕሮባዮቲክ፤ ልጀምረው ወይስ ይቅር?

የሳሪሷ

እህቶቼ፣ ጥያቄዬ ያሳፍራል። ግን እዚህ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም፤ ሳልሸፋፍን ልጻፈው።

34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ከመስከረም ወዲህ ፈሳሽ ሲያስቸግረኝ ይሄ ሦስተኛው ነው። ቀጠን ያለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ። አያሳክክም፣ አያቃጥልም። ችግሩ ሽታው ነው። ዓሣ ዓሣ ይላል። ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን በኋላማ ይብስበታል። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጠጋኝ ቀሚሴን ሰብስቤ መስኮቱ ላይ እለጠፋለሁ።

ሦስቱንም ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ጠየቁኝ እንጂ አላዩኝም። "የማህፀን ኢንፌክሽን ነው" ተባልኩና ፍላጂል ተሰጠኝ። አፌን ብረት ብረት እያለኝ ሰባቱንም ቀን ጨረስኩ። ይጠፋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ይመለሳል።

አሁን ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በሰው እጅ አንድ ብልቃጥ ላከችልኝ። የሴቶች ፕሮባዮቲክ ነው፤ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት የሚዋጥ ነገር። ክዳኑ ሮዝ ነው፤ ፊቱ ላይ "50 ቢሊዮን" ይላል። 38 ዶላር ገዛሁት አለችኝ። በብር ሳሰላው አመመኝ። "ይሄን ከዋጥሽ ሁለተኛ ፍላጂል አትነኪም" ብላኛለች። እናቴ ደግሞ "ለዚህማ እርጎ አለ አይደል?" ትላለች። ጎረቤቴ እርጎውን በጥጥ ነክረሽ አለችኝ፤ የቀረውን ገምቱት። እኔ እስካሁን የማደርገው ለብ ባለ ውሃ ሎሚ ጨምቄ ጠዋትና ማታ ውስጤን መታጠብ ነው።

ብልቃጡን ልጀምረው? እርጎና እሱ አንድ ናቸው? ባለቤቴስ መታከም አለበት? እሱ "ያንቺ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ" ባይ ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ

የሳሪሷ፣ መጀመሪያ ሎሚውን ተይው። ዛሬውኑ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ፋርማሲስት ነኝ። 11 ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። ያንቺን ጥያቄ በሹክሹክታ የምትጠይቀኝ ሴት የማትመጣበት ሳምንት የለም። ብዙዎቹ ወንድ ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ ሳሙና ሲያገላብጡ ይቆያሉ።

በእርሾ ላስረዳሽ። እርሾ ሊጡን ያኮመጥጠዋል። ከኮመጠጠ በኋላ የሚያበላሸው ነገር በቀላሉ አይደፍረውም። ብልትም የራሱ እርሾ አለው። ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን በ1892 ነው የጻፈላቸው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የብልት ግድግዳ ስኳር ነገር እንዲያከማች ያደርጋል። ከዚያ ስኳር ላክቶባሲለሶቹ ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ። የጤነኛ ብልት ፒኤች (የኮምጣጣነት ልክ) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፤ ኮምጣጣ ማለት ነው። ላክቶባሲለሶቹ ሲመናመኑ ጋርድነሬላና መሰሎቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ሽታውም ይመጣል። ይህ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ይባላል። የነገርሽን ምልክት ወደዚያ ያደላል። ቢያሳክክሽና እንደ አይብ ቢፈረፈር ኖሮ ፈንገስ ነው የምጠረጥረው። ፍላጂል ደግሞ ፈንገስን አይነካውም።

ግን እኔም አላየሁሽም፣ እነሱም አላዩሽም። "ላቦራቶሪ ይሠራልኝ" በይ። ከባድ ምርመራ አይደለም። ፈሳሹን ያዩታል፣ በፒኤች ወረቀት ይለኩታል፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል አንድ ጠብታ ጨምረው ሽታውን ያረጋግጣሉ፣ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ከአራቱ ሦስቱ ካመለከቱ በቂ ነው። ከ1983 ጀምሮ የሚሠራበት መለኪያ ነው።

መመለሱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ታክመው ከዳኑት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላ ይመለስባቸዋል። መድኃኒቱ የበዙትን ይገድላል እንጂ እርሾውን አይመልስም።

"ታዲያ እርሾውን ከብልቃጥ አላገኘውም ወይ?" ትይኛለሽ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጥያቄው የትኛው እርሾ የሚለው ነው። በእንጀራ እርሾ ጠጅ አይጣልም። ብልት ውስጥ ዋናው ጠባቂ ላክቶባሲለስ ክሪስፓተስ የሚባለው ነው። ብልቃጥሽን ገልብጠሽ ስሙን ፈልጊ። ብዙዎቹ ላይ የምታገኚው አሲዶፊለስንና ዘመዶቹን ነው። 50 ቢሊዮን የሚለው ስንት እንደሆኑ እንጂ እነማን እንደሆኑ አይነግርሽም። የእናትሽም እርጎ እንደዚያው ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የወተት ናቸው።

ክሪስፓተስን በትክክል የሞከረ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ በ228 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2020 ወጣ። ሁሉም መጀመሪያ በሜትሮኒዳዞል ጄል ታከሙ (ፍላጂል ማለት እሱው ነው)። ከዚያ ለአንዳንዶቹ ክሪስፓተስ ያለበት ዱቄት በብልት ተሰጣቸው፣ ለ11 ሳምንት። እስከ 12ኛው ሳምንት ዱቄቱን ካገኙት 30 በመቶዎቹ፣ ካላገኙት 45 በመቶዎቹ ተመለሰባቸው። ልብ በይ፤ በአፍ አልተዋጠም። መድኃኒቱንም አልተካም፤ ከእሱ በኋላ ነው የመጣው። ገበያ ላይ ስላሉት ፕሮባዮቲኮች ግን የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2021 መመሪያው ላይ በመድኃኒቱ ፈንታም ሆነ በተጨማሪነት መስጠትን የሚደግፍ ጥናት የለም ብሏል። ስለዚህ ብትውጪው ያን ያህል የሚጎዳሽ አይመስለኝም፤ ምርመራውን ግን እንዳያስቀርሽ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ይቺን አንብቢለት። በ2025 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፣ በ164 ጥንዶች ላይ። ሴቷ ብቻ ስትታከም በ12 ሳምንት ውስጥ 63 በመቶዎቹ ተመለሰባቸው። ወንዱም ለ7 ቀን ሜትሮኒዳዞል እየዋጠ፣ ብልቱንም ክሊንዳማይሲን የሚባል የአንቲባዮቲክ ቅባት እየተቀባ አብሯት ሲታከም 35 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ስለጎላ ጥናቱን ሳይጨርሱ አቆሙት። "እኔን ምን አገባኝ" እዚህ ላይ አይሠራም። ብቻ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ ሐኪም ይዘዝላችሁ።

እርግዝና ካለ፣ ትኩሳት ወይም የሆድሽ ታችኛው ክፍል ሕመም ካለ ነገ አትበይ። እርጉዝ ላይ ያለጊዜው ከመውለድ ጋር የተያያዘ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እህትሽን እረዳታለሁ፤ እኔም ያንኑ መደርደሪያ ፊት ቆሜያለሁ። እዚህ አሜሪካ ሰፕሊመንት የሚባለው ነገር፣ ፕሮባዮቲክም ጭምር፣ ከመሸጡ በፊት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው (ኤፍዲኤ) አያጸድቀውም። ከ1994 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው። ብልቃጡ ጀርባ በደቃቅ ፊደል "ይህ ምርት በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም" ይላል። ፊት ለፊቱ አበባ፣ ጀርባው ይሄ።

አራት ወር ዋጥኩት። ሆዴ ተስማምቶት ይሁን አላውቅም፣ መነፋቱ ቀነሰልኝ። የታችኛው ግን ያው። በመጨረሻ ዶክተር ጋ ሄጄ በጥጥ ናሙና ወሰዱ፤ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ! ለካ እኔ ከመጀመሪያው የሚያሳክከኝ ነበርኩ። 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት፣ አንድ ፍሬ ብቻ። አራት ወር ሙሉ ለሌላ በሽታ ነበር ገንዘቤን የከፈልኩት፣ ያውም ለእሱም የማይሠራ።

እናት ዓለም

ልጄ፣ እርጎውን ጠጪው። ጥጡን ተይው። እኛ በወይራ የምናጥነው ቅሉን ነው እንጂ ሌላውን አይደለም። ያቺ ጎረቤትሽ ምን ነክቷት ነው?

በኛ ጊዜ ሐኪም ፊት ማውራት ነውር ነበር። ዝም ብለን ይዘነው ኖርን። አንቺ ጽፈሽዋል፤ ጎበዝ።

ለምለም

ለፋርማሲስቷ ጥያቄ አለኝ። አንቲባዮቲክ ስንወስድ ፈንገስ እንዳይመጣ ፕሮባዮቲክ አብራችሁ ውሰዱ የሚባለውስ?

ከባንኮኒው ጀርባ

ለምለም፣ እኔም ድሮ እንደዚያ እል ነበር፤ አፌ ላይ የለመደ ነገር ሆኖ። በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ በትክክል እሱን ፈትነውት ነበር። ላክቶባሲለስ በአፍም በብልትም ሰጥተው አዩት፤ አልከለከለውም። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ብላ ለምትጠይቀኝ ሴት አልሸጥም። አለቃዬ ደስ አይለውም።

እናት ዓለም፣ ስለ ቅሉ ስቄ ሞትኩ። ወተቱ ግን ሳይፈላ የረጋ ከሆነ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ እንዳለ አይርሱብኝ።

የሳሪሷ

ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩና "ሳታዩኝ አልሄድም" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልኩት። ወረቀቱ ከ5 በላይ አሳየ። በማይክሮስኮፕም አዩት። እንዳልሽው ነው፣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ። እርግዝና የለም። ሎሚውን ካቆምኩ ጀምሮ ውጪውን ብቻ በውሃ ነው የምታጠበው።

ብልቃጡን ገለበጥኩት። 12 ስሞች አሉ፣ ክሪስፓተስ የለም። እናቴ "ይጣላል እንዴ፣ በዶላር የተገዛ?" ብላ ለሆዷ ወሰደችው።

ሐኪሙ ባለቤቴን ይዘሽው ነይ አለኝ። የአውስትራሊያውን ጥናት ከነቁጥሩ አነበብኩለት። 63 እና 35 የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። እሺ አላለም፣ እንቢም አላለም። ማታ ከተኛን በኋላ ግን በጨለማ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፣ "ቅባቱ ያቃጥላል እንዴ?"

ከባንኮኒው ጀርባ

ከሎሚው ይሻላል በዪው።